በመንዝና በግሼ ደጋ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚጠብቅ የኮምፒዩተር መረብ እንዴት ይፈተናል?

ከመንዝና ከግሼ ደጋ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ገደሉ እየተቆረጠ ወርዶ ቆላው ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታየዋል። ይህ ገደል የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ከዚሁ ግድግዳ ሥር በካራ ቆሬ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ መንቀጥቀጡም እየጋለና እየበረደ ለብዙ ወራት ቆየ። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ ዋናው የመኪና መንገድ ተሰነጣጠቀ። የትልቁ ነውጥ መጠን 6.5 ገደማ እንደ ነበረ ይገመታል። በዚያን ጊዜ ነውጡን ከመዘገቡት መሣሪያዎች አንደኛው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት አባ ፒየር ጉዋን የመሠረቱት ኦብዘርቫቶሪ የነበረው ነው። አባ ጉዋን ይህንኑ ነውጥ በሰፊው አጥንተው ጽፈውበታል።

ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ የተቀዳው ሞገድ የሚነበበው ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ግን በልዩ ልዩ ቦታ የተተከሉ መለኪያዎች ያዩትን ወዲያው ለኮምፒዩተር ስለሚልኩ፣ ነውጡ ገና በመሬት ውስጥ እየተጓዘ ሳለ ወሬው ቀድሞት ሊደርስ ይችላል። ሜክሲኮ ይህን ዐይነት የማስጠንቀቂያ መረብ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረች፤ ጃፓንም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕዝቧ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ትሰጣለች። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ የነበረው ተከታታይ ነውጥ፣ ከእነርሱም የካቲት 7 ቀን የደረሰው መጠኑ 6.0 የሆነ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሎ አዲስ አበባን ጭምር ሲያናውጥ፣ በእኛም ዘንድ «እንዲህ ያለ መረብ ለምን አይኖረንም?» የሚል ጥያቄ በየመማሪያ ክፍሉ ተነሥቷል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ይኸውም እንዲህ ያለ መረብ በመንዝ ደጋ ላይ ቢዘረጋ በርግጥ እንደሚሠራ በምን እናውቃለን? የሚለው ነው።

በቅድሚያ ቃሉን እናብራራ። በልዩ ልዩ ቦታ ተበታትነው በመልእክት ብቻ የሚግባቡ ኮምፒዩተሮች የተበታተነ መረብ ይባላሉ። ከእነርሱም መካከል ሥራቸው በጊዜ ገደብ የታሰረ አሉ። በእነዚህ ዘንድ የመልሱ ትክክል መሆን ብቻውን አይበቃም፤ በተቀጠረለት ሰዓት መድረስ አለበት። ለቀብር ጥሪ የተላከ ሰው ከቀብሩ በኋላ ቢደርስ ቃሉ እውነት ቢሆንም ጥሪው አልደረሰም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መረብ የሚፈትን ሰው «ስንት መልእክት ያሳልፋል?» ብሎ ሳይሆን «ገደቡን ስንት ጊዜ ይስታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ገደቡን የሚወስነው ደግሞ መሬት ራሷ ናት። ነውጥ ሲነሣ ሁለት ዐይነት ሞገድ ይወጣል። ፈጣኑና ደካማው በላይኛው የመሬት ቅርፊት ውስጥ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቤት የሚያፈርሰው ሁለተኛው ግን 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የማስጠንቀቂያው ሀብት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እንግዲህ በካራ ቆሬ ሥር በ10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት አንድ ነውጥ ተነሣ እንበልና በወረቀት ላይ እናስላ። አራት ጣቢያዎች ሳያዩት ማእከሉ አይምን፤ አራተኛውም ጣቢያ ከካራ ቆሬ 30 ኪሎ ሜትር ይራቅ። ፈጣኑ ሞገድ ጥልቀቱን ጨምሮ ወደ እርሱ ለመድረስ 5.3 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ጣቢያው ልኬቱን የአንድ ሴኮንድ ጥቅል እያደረገ የሚልክ ከሆነ ጥቅሉ እስኪሞላ እስከ 1 ሴኮንድ ይጠበቃል። በሳተላይት የሚሄድ ከሆነ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ ሩብ ሴኮንድ ያልፋል፤ ከመሣሪያዎቹ ጋራ 0.3 እንበል። ለስሌቱ 1.5፣ ማስጠንቀቂያውን ለማድረስ 1 ሴኮንድ እንስጥ። ድምሩ 9.1 ሴኮንድ ይሆናል።

አሁን ቤት የሚያፈርሰው ሞገድ መቼ ይደርሳል? ከካራ ቆሬ በቀጥታ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አዲስ አበባ በ57 ሴኮንድ፤ 93 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደብረ ብርሃን በ27 ሴኮንድ፤ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው መሐል ሜዳ ግን በ9.9 ሴኮንድ ይደርሳል። እንግዲህ አዲስ አበባ 48 ሴኮንድ፣ ደብረ ብርሃን 17 ሴኮንድ ያህል ሲያተርፉ፣ ለመሐል ሜዳ የሚተርፋት አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። በካራ ቆሬ ለሚኖረው ሰውማ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ቤቱ ከተናወጠ በኋላ ነው።

እኛ ከዚህ ስሌት የተማርነው ዋና ነገር፣ መረቡ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» የሚባለው ገደቡ በማን ቤት ላይ ተለክቶ እንደ ሆነ ሳይታወቅ ሊነገር እንደማይችል ነው። በአዲስ አበባ ገደብ የተፈተነ መረብ 20 ሴኮንድ ቢያባክን እንኳ ፈተናውን በማዕርግ ያልፋል፤ በመንዝ ገደብ ግን አንድ ሴኮንድ ቢያባክን ወድቋል። የመንዝ ቤት ደግሞ አብዛኛው በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ውርጩን የሚከላከለው ወፍራም ግድግዳ በነውጥ ጊዜ በሰው ላይ የሚወድቀው ያው ነው። ስለዚህ ፈተናው በቀረበው ሰው ገደብ መደረግ አለበት እንላለን። ይህ የማይቻል አይደለም። ጣቢያዎቹ ቀረብ ቀረብ ብለው ቢተከሉና አራተኛው በ15 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ጥቅሉም ሩብ ሴኮንድ ቢደረግ፣ ድምሩ ወደ 6 ሴኮንድ ይወርዳል፤ ለመሐል ሜዳም 3.8 ሴኮንድ ያህል ይተርፋታል። ከበር አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስናሰላ ግን አንድ ነገር በዝምታ አልፈናል፤ እርሱም መልእክቱ በየጊዜው በእኩል ፍጥነት ይደርሳል ብለን መገመታችን ነው። ርቀት ብቻውን መልእክትን አያዘገይም። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ 200 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ብቻ ይበቃዋል። የሚያዘገየው ወረፋ ነው፤ ወረፋንም በአገራችን ከወፍጮ ቤት የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

አንድ ወፍጮ አንዱን ቁና ገብስ ለመፍጨት በአማካይ 5 ደቂቃ ይወስድበታል እንበል፤ በሰዓት 12 ይፈጫል ማለት ነው። እናቶች በዘፈቀደ እየመጡ በሰዓት 6 ቢሆኑ፣ በወረፋ ትምህርት ሕግ መሠረት አንዲቱ ከደረሰችበት እስከምትወጣበት በአማካይ 10 ደቂቃ ትቆያለች። የመጪዎቹ ቁጥር 9 ቢሆን 20 ደቂቃ ይሆናል። 11 ቢሆን አንድ ሰዓት ሙሉ ነው። ልብ በሉ፤ ከ9 ወደ 11 የጨመሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ቆይታው ግን ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ወፍጮውም ገና ከዐቅሙ በላይ አልተጠየቀም። የመረቡም መሥመር እንዲሁ ነው። ግማሽ ባዶ ሲሆን ያማረ የሚመስለው፣ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መልእክቱን እያቆለለ ያዘገያል።

ከዚህም የከፋው የፋሲካ ዋዜማ ነው። በሌላው ቀን እናቶች እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ ይመጣሉ፤ በዋዜማው ግን ሁሉም በአንድ ምክንያት በአንድ ቀን ይመጣሉ። ነውጥ ለመረቡ የፋሲካ ዋዜማ ነው። መለኪያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ሕዝቡም በአንድ ጊዜ ስልኩን አንሥቶ ዘመዱን ይጠራል። እንግዲህ በጸጥታ ቀን የተለካ መዘግየት በዋዜማው የሚሆነውን ከቶ አይነግረንም። ጃፓን ይህን በመራራ ሁኔታ አየችው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 ከደረሰው ታላቅ ነውጥ በኋላ በልዩ ልዩ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚነሡ ተከታይ ነውጦች በረከቱና፣ ስሌቱ የሁለቱን ሞገድ እንደ አንድ እየቆጠረ ብዙ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ መብራት ስለ ጠፋና መሥመር ስለ ተቆረጠም ብዙ ጣቢያዎች ዝም አሉ። የካራ ቆሬም ነውጥ ለወራት የተከታተለ እንጂ አንድ ብቻ እንዳልነበረ እናስታውስ። ስለዚህ ከፈተናዎቹ ሁሉ ይበልጥ የምናምነው፣ ቀድሞ የተቀዱ የብዙ ነውጦችን ሞገዶች ወስዶ፣ ሁለቱን ሦስቱን አደራርቦ፣ በእውነተኛው ሰዓት ፍጥነት በየጣቢያው መግቢያ እያፈሰሱ መረቡ የሚለውን መመልከት ነው። በዚሁ ጊዜ መሥመሩን በሌላ መልእክት አስጨንቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ውጤቱ እንዴት ይጻፍ? ብዙዎች አማካዩን ይጽፋሉ። እኛ ግን አማካይን አንወደውም። ከ1000 መልእክቶች 990ው በ0.2 ሴኮንድ ደርሰው 10ሩ በ15 ሴኮንድ ቢደርሱ፣ አማካዩ 0.35 ሴኮንድ አይሞላም፤ መዝገቡን ያየ ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን እነዚያ 10ሩ ለመሐል ሜዳ ጨርሶ እንዳልደረሱ ናቸው። ስለዚህ የሚጻፈው «ከ1000 ስንቱ ከገደቡ አለፈ? ከሁሉ የዘገየውስ ስንት ቆየ?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

በዚህም ላይ ፈታኞችን ሳይታወቃቸው የሚያስት አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ጌታ ወፍጮውን ለመፈተን አሽከሩን እህል አሸክሞ ይልካል፤ አሽከሩ ሲመለስ ወዲያው ሌላ አሸክሞ ይልከዋል፤ ጊዜውንም ይጽፋል። ቀኑ 8 የሥራ ሰዓት ነው፤ እያንዳንዱ ምልልስ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በመካከሉ ወፍጮው ተሰብሮ 3 ሰዓት ቆመ። በቀሪው 5 ሰዓት አሽከሩ 15 ጊዜ በሰላም ተመላለሰ፤ በተሰበረበት ጊዜ የዘገየው አንድ ጉዞ ብቻ ነው። የጌታው መዝገብ «ከ16 ጉዞ አንዱ ብቻ ዘገየ» ይላል። በሰዓት 9 ሴቶች የሚመጡ ከሆነ ግን ከቀኑ 72 ሴቶች መካከል 27ቱ ወፍጮው ቆሞ ደርሰዋል፤ ይህም ከሲሶ በላይ ነው። ፈታኙ የቀድሞውን መልስ ሳይቀበል ሁለተኛውን ስለማይልክ፣ መረቡ በታመመበት ሰዓት እርሱም አብሮ ዝም ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መልስ መጣም አልመጣም በተወሰነው ሰዓት መላክ፣ መዘግየቱንም ሊላክ ከተቀጠረበት ሰዓት አንሥቶ መቁጠር ነው። የመሬት መለኪያ በበኩሉ መልስ አይጠብቅምና፣ ፈታኙም እንደ እርሱ መሆን አለበት።

ከመዘግየት ወደ ሰዓት እንመለስ፤ መዘግየት የሚለካው በሰዓት ነውና። በጣቢያው ያለው ተራ የኳርትዝ ሰዓት ከሚሊዮን 20 ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ በቀን ሲሰላ 1.7 ሴኮንድ ይሆናል። ፈጣኑ ሞገድ በዚህ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ የነውጡ ሥፍራ በስሌት ሲገኝ በዚያው መጠን ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ጣቢያዎቹ ሰዓታቸውን ከሳተላይት ይወስዳሉ። የሳተላይቱ መቀበያ ቢበላሽ ወይም በገደል ቢጋረድ ግን ሰዓቱን ከማእከሉ ጋራ በመልእክት ማስተካከል ይቀራል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 ገደማ አሜሪካዊው ዴቪድ ሚልስ መልክ አስይዘውታል፤ አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ከመሐል ሜዳ ጧት በ1 ሰዓት አንድ መልእክተኛ ወደ ቆላው ጣቢያ ይላካል፤ እዚያ እንደ ደረሰ የጣቢያውን ሰዓት ጽፎ ወዲያው ይመለሳል፤ በ7 ሰዓትም ይደርሳል። የሄደበት ጠቅላላ ጊዜ 6 ሰዓት ስለሆነ፣ ማእከሉ «መልእክተኛው ቆላ የደረሰው በመካከሉ፣ በ4 ሰዓት ነው» ብሎ የጣቢያውን ሰዓት በዚያ ያቃናል።

የመንዝን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ግን ይሥቃል። መውረድና መውጣት እኩል ነውን? መልእክተኛው በ2 ሰዓት ወርዶ በ4 ሰዓት ወጥቶ ከሆነ ቆላ የደረሰው በ3 ሰዓት ነው፤ ማእከሉም ሰዓቱን በአንድ ሙሉ ሰዓት አሳስቶታል። በመረቡም መሄጃውና መመለሻው በአንድ መሥመር ካልሆነ፣ ወይም አንደኛው ወገን ወረፋ ካለበት፣ የልዩነቱ ግማሽ ስሕተት ሆኖ ይገባል፤ ደጋግሞ በመላክም አይጠፋም። ፈተናው እንግዲህ ሌላ ታማኝ ሰዓት ለጊዜው ወደ ጣቢያው ወስዶ ከማነጻጸር በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ሰዓትን በተመለከተ የፈተናው ርዝመትም ያሳስበናል። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዐረቢያ በዳህራን፣ ፓትርዮት የተባለው የሚሳይል መከላከያ የመጣውን ሚሳይል ሳይመታ ቀርቶ 28 ወታደሮች ሞቱ። ምክንያቱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሴኮንድ ዐሥረኛ በሁለትዮሽ ቁጥር ሲጻፍ የምትቆረጥ እጅግ ትንሽ ክፍልፋይ ነበረች፤ መሣሪያው ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል በመሥራቱ ተጠራቅማ 0.34 ሴኮንድ ሆነች። ጥቂት ሰዓት ብቻ የሠራ መሣሪያ ይህን ሕመም አያሳይም። የታረመው ፕሮግራም እዚያ የደረሰው በማግስቱ ነው።

የመጨረሻው ጉዞ፣ ማለት ከማእከሉ እስከ ሰው ጆሮ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ከፈተናው ውጭ ይቀራል። ቀደም ብለን 1 ሴኮንድ ሰጥተነው ነበር፤ ግን ልግስና ነው። ለ100,000 ሰው አጭር መልእክት አንድ በአንድ ቢላክና መሥመሩ በሴኮንድ 500 ቢያሳልፍ፣ የመጨረሻው ሰው ከ200 ሴኮንድ በኋላ ይሰማል፤ ከአዲስ አበባ ገደብ እንኳ ሦስት እጥፍ ያለፈ ነው። አንድ የስልክ ማማ በክልሉ ላሉት ስልኮች ሁሉ በአንድ ድምፅ የሚያውጅበት ሌላ ዘዴ አለ፤ በዚህ ዘዴ የሰዎቹ ቁጥር ጊዜውን አይጨምርም። የትኛው እንደ ተመረጠ ሳይጠይቁ «ማእከሉ በ6 ሴኮንድ አውቋል» ብሎ ፈተናውን መዝጋት ግማሽ መንገድ መቆም ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ፤ እርሱም ፈተናው የሚደረግበት ወር ነው። ለጉዞ የሚመቸው ጥርና የካቲት ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነውና የፀሐይ መብራቱ ባትሪውን እስከ አፉ ይሞላዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናውና ጉሙ በመንዝ ላይ ይተኛል፤ ኃይለኛ ዝናብ የሳተላይቱን ሞገድ ያደክማል፤ ብርዱም የባትሪውን ዐቅም ይቀንሳል። አንድ ጣቢያ 5 ዋት የሚበላ ከሆነ በቀን 120 ዋት ሰዓት ይፈጃል። የ12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹ ብቻ ቢወሰድ 5 ቀን ያቆያል። ጉሙ በስድስተኛው ቀን ካልተገለጠ ጣቢያው ይሞታል፤ ከአራቱ አንዱ ከሞተ ደግሞ ማእከሉ አምስተኛውን፣ ሩቁን ጣቢያ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ የመሐል ሜዳም 3.8 ሴኮንድ በዚያው መጠን ይጎድላል። ነሐሴን መጠበቅ ያልቻለ ፈታኝ የፀሐይ መቀበያውን በጆንያ ሸፍኖ ሰባት ቀን ይቁጠር።